ለአይጥም ፈቃድ ያስፈልጋል እንዴ?

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ በዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ውስጥም ለጥቂት ዓመታት ተቀምጫለሁ። ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ ውሻ ክትባትና ወተቷ ስለቀነሰ ላም ናቸው። ሰሞኑን ግን አንዲት ተማሪ ስለ ላብራቶሪ አይጥ ጠየቀችን። ወሬው ተዛመተ መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ በሙሉ ስለ ምርምር እንስሳት ነው። የጠያቂዎቹን ስም ትቻለሁ፣ ደብዳቤዎቹንም አሳጥሬያለሁ።

ጥያቄ፦ የፋርማኮሎጂ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። አንድ የባህል መድኃኒት ተክል ለወባ ይሠራ እንደሆነ በአይጥ ሞክሬ ጨረስኩ፣ ዲፌንስም አደረግኩ፣ ጥሩ ውጤት አገኘሁ። አሁን ጽሑፉን ለጆርናል ስልከው የእንስሳት ሥነ ምግባር ፈቃድ ቁጥር አምጪ አሉኝ። ዲፓርትመንቱ የሰጠኝ የትብብር ደብዳቤ ብቻ ነው። አድቫይዘሬ “ሄደሽ አውጪ፣ ቀኑን ወደኋላ ይጻፉልሽ” ይለኛል። ምን ላድርግ? (ከተማዬ ይቅርብኝ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቀኑን ወደኋላ የማስጻፉን ነገር ዛሬውኑ ተይው። ፈቃድ ከሥራው በፊት የሚሰጥ ነገር ነው። ደግሞ ነገ አንድ ሰው ቀኑን ከቴሲስሽ ጋር ቢያስተያየው፣ ከጆርናሉ ተሰርዞ በሚወጣው ጽሑፍ ላይ መጀመሪያ የሚነበበው ያንቺ ስም ነው፤ የአድቫይዘርሽ መጨረሻ ላይ ነው ያለው።

የሚሻለው ይኼ ነው። ዩኒቨርሲቲሽ ውስጥ ወዳለው ኮሚቴ ሄደሽ እውነቱን ንገሪ። ሥራው ሳይገመገም ተሠርቷል፣ ማንም አልጠየቀኝም፣ አሠራሩ እንዲህ ነበር በይ። ኮሚቴው የኋላ ፈቃድ አይሰጥሽም፤ የሆነውን የሚገልጽ ደብዳቤ ግን ሊጽፍልሽ ይችላል። ያንን ለጆርናሉ አዘጋጅ ላኪ። ላይቀበሉሽ ይችላሉ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ጥፋቱ ግን ከሁሉም በላይ ያንቺ አይደለም፤ ፕሮፖዛልሽን አንብበው ያጸደቁት ሰዎች ናቸው “ፈቃዱስ?” ማለት የነበረባቸው።

ኮሚቴው ቢያይልሽ ኖሮ ምን ይጠይቅሽ ነበር? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በየዓመቱ ብዙ ተማሪ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ስዊስ አልቢኖ የሚባሉት ነጫጭ አይጦች ይመጣሉ። ፕላስሞዲየም በርጌ የሚባለውን የአይጥ ወባ ይወጋሉ። በአምስት ቡድን ይከፈላሉ፦ አንዱ ምንም መድኃኒት አያገኝም፣ አንዱ ክሎሮኪን ይሰጠዋል፣ ሦስቱ ኤክስትራክቱን፣ ማለትም የተክሉን ጭማቂ፣ በተለያየ መጠን ይወስዳሉ። አራት ቀን መድኃኒት፣ ከዚያ በአምስተኛው ቀን ከጅራት ጫፍ ጠብታ ደም ተወስዶ ጥገኛ ተውሳኩ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። እስከዚህ ድረስ ዋናው ጥያቄ የቁጥር ነው። በየቡድኑ ስድስት አይጥ ያደረግሽው አስልተሽ ነው ወይስ ካንቺ በፊት የነበረው ተማሪ ስድስት ስላደረገ? ብዙ ጊዜ መልሱ ሁለተኛው ነው። ከበዛ ያለ ምክንያት የሞቱ አይጦች አሉ ማለት ነው። ካነሰም ውጤቱ ምንም ስለማይናገር ሁሉም በከንቱ ሞቱ ማለት ነው፣ ይኼኛው እንዲያውም ይብሳል።

የሚከብደው ከአምስተኛው ቀን በኋላ ያለው ነው። በብዙ ቴሲስ ላይ “በሕይወት የቆዩበት አማካይ ቀን” የሚል ሰንጠረዥ አለ። ይህ ሰንጠረዥ እንዲሞላ አይጦቹ እስኪሞቱ ይጠበቃል። መድኃኒት ያላገኘችው አይጥ ክብደቷ ይወርዳል፣ ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፣ ጠጉሯ ይቆማል፣ ጀርባዋ ይጎብጣል፣ ምግብና ውሃ ጋ መድረስ ያቅታታል፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ትሞትና ጠዋት “ዘጠነኛ ቀን” ተብሎ ይጻፋል። ኮሚቴው የሚጠይቅሽ፦ የአምስተኛው ቀን ቆጠራ ኤክስትራክቱ ይሠራ አይሠራ ከነገረሽ፣ ይህ ሁሉ ተጨማሪ ምን ነገረሽ? የግድ ያስፈልጋል ካልሽ ደግሞ፣ አይጧ ከዚህ በኋላ እንደማትተርፍ የሚያሳየው ምልክት ሲታይ፣ ለምሳሌ የሰውነት ሙቀቷ አስቀድሞ ከተወሰነው መጠን ሲወርድ፣ በማደንዘዣ ያለ ሥቃይ እንድትሞት ይደረግና ያ ቀን ይመዘገባል። ሰንጠረዡ ይሞላል። የመጨረሻዎቹ ክፉ ሰዓታት ግን ይቀራሉ።

የመርዛማነት ሙከራውም እንዲሁ ነው። ድሮ፣ እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1927 በተጀመረው ዘዴ፣ ግማሾቹን እንስሳት የሚገድለው መጠን እስኪታወቅ ድረስ በርካታ ደርዘን እንስሳት ይፈጁ ነበር። ኦኢሲዲ የሚባለው ያደጉ ሀገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት ይህን አሮጌ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2002 ከመመሪያዎቹ ሰርዞታል። አሁን በሚሠራበት 425 በተባለው መመሪያ ለአንዲት አይጥ በኪሎ ክብደት 2000 ሚሊግራም ይሰጣል፣ ትታያለች፣ ደህና ከሆነች ሌሎቹ ተራ በተራ ይቀጥላሉ፣ ሁሉም ደህና ከሆኑ በጠቅላላው አምስት ይበቃል። ይህን መመሪያ ቴሲሳቸው ላይ ጠቅሰው ሲያበቁ ሠላሳ አይጥ የተጠቀሙ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። መጥቀስና ማንበብ ለየቅል ናቸው።

የጥያቄዎቹ ምንጭ ራስልና በርች የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1959 ያስቀመጡት ሐሳብ ነው፣ ዛሬ ላብ ውስጥ “ስሪ አርስ” የሚባለው። ያለ እንስሳ መሥራት ከተቻለ ያለ እንስሳ ሥራ፣ ካልተቻለ ቁጥሩን ቀንስ፣ የተጠቀምክበትንም ሥቃዩን አቅልልለት ነው ነገሩ። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትም በደንቡ ውስጥ ስለ ምርምርና ትምህርት እንስሳት ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው።

አሠራሩ እኛ ሀገር ወጥ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቢሾፍቱው የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ለእንስሳት ምርምር የራሱ ገምጋሚ ኮሚቴ አለው። አንዳንድ ቦታ ደግሞ የሰውን ምርምር የሚያየው ኮሚቴ ነው የአይጡንም የሚያጸድቀው። እኔን ይኼኛው አይዋጥልኝም። የሰው የስምምነት ቅጽ ሲመረምር የኖረ ሰው አይጥ በምን እንደምትደነዝዝ በምን ያውቃል? ቢያንስ አንድ የእንስሳት ሐኪም መኖር አለበት።

ጥያቄ፦ በበዓል በየግቢው በግና ዶሮ በሚታረድበት ሀገር ስለ አይጥ ምቾት ኮሚቴ ማቋቋም ቅንጦት አይደለም? እኔ የቤቴን አይጥ በወጥመድ ነው የምጨርሰው፣ ማንም ፈቃድ ጠይቆኝ አያውቅም። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፊት ለፊት ስለጠየቅክ ወደድኩህ። በጉ ግን በደቂቃ ነው የሚያልቅለት። በደነዘዘ ቢላ የሚያርድ ሰው ላይ እኮ ሰፈሩ ሁሉ ይጮኽበታል። ያ ጩኸት ራሱ ቁጥጥር ነው። ላብ ውስጥ ያለችው አይጥ ሆን ተብሎ በሽታ ተሰጥቷት፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ለሳምንታት ትቆያለች። የሚጮኽላት ጎረቤት የለም። ሥራው ደግሞ በሕዝብ ገንዘብ ነው የሚሠራው።

ለእንስሳቱ ባታዝን እንኳ ለውጤቱ እዘን። እ.ኤ.አ. በ2014 ካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ያገኙት ነገር ብዙ ሰው አስቋል፦ አይጦች የወንድ ተመራማሪ ጠረን ሲሸታቸው በጣም ይጨነቃሉ፣ ከጭንቀቱም የተነሳ ሕመም የሚሰማቸው ያነሰ ይመስላል። እስቲ አስበው፣ የሕመም ማስታገሻ እየፈተንክ ያስታገሰው መድኃኒቱ ይሁን የተመራማሪው ጠረን ሳታውቀው ስትቀር! ከዚያ በፊት በ2010 ደግሞ የእንግሊዙ ሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አይጥን በጅራቷ አንጠልጥሎ ከማንሳት ይልቅ በእጅ መዳፍ ወይም በቱቦ ማንሳት ፍርሃቷን በብዙ እንደሚቀንስ አሳዩ። አንድ ሳንቲም አያስወጣም። አሁንም ግን በየላቡ በጅራት ነው የሚነሱት።

የቤትህን አይጥ በወጥመድ መግደልህ ላይ ጠብ የለኝም። ያንን ሙጫ ግን ተው፣ እየታገለች ቀኑን ሙሉ ነው የምትቆየው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። አቅራቢያዬ ያለ ዩኒቨርሲቲ “የማኅበረሰብ ተወካይ ሆነው የእንስሳት ምርምር ኮሚቴያችን ውስጥ ይግቡልን” አለኝ። ሳይንስ አልተማርኩም። ለማሟያ የተፈለግኩ መሰለኝ። ልግባ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ይግቡ። ለማሟያ ተፈልገው ሊሆን ይችላል፣ እሱን አልክድም። ከገቡ በኋላ ግን ማሟያ መሆን አለመሆን በእጅዎ ነው።

ሌላው ዓለም እንደ እርስዎ ያለ ሰው በሕግ ነው የሚያስገባው። አሜሪካ ውስጥ በመንግሥት የጤና ምርምር ገንዘብ የሚሠራ ተቋም ኮሚቴው ቢያንስ አምስት ሰው ይኖረዋል፤ አንዱ የእንስሳት ሐኪም፣ አንዱ ሳይንቲስት ያልሆነ፣ አንዱ ደግሞ ከተቋሙ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው መሆን አለበት። ማንኛውም አባል፣ ያ የውጭው ሰውም ጭምር፣ “ይህ ሥራ በሙሉ ኮሚቴው ይታይልኝ” ካለ ይታያል። በየስድስት ወሩ ደግሞ የእንስሳቱን ቤት ዞረው ያያሉ፣ ያልተስማማ አባል ካለ ተቃውሞው በሪፖርቱ ውስጥ ይካተታል። ስዊድን ከዚህም አልፋ ሄዳለች። የኮሚቴው ሰብሳቢ የዳኝነት ልምድ ያለው የሕግ ሰው ነው፣ ከአባላቱም ግማሹ ተመራማሪ ያልሆኑ ሰዎች ናቸው።

ለምን? እኛ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች አንዱ የሌላውን ሥራ ነውና የምናጸድቀው። ዛሬ እኔ ያንተን፣ ነገ አንተ የእኔን። በዚህ መሀል “ይቅርታ፣ ይህ ለምን አስፈለገ?” ብሎ የሚጠይቅ የማይፈራና የማያፍር ሰው ያስፈልጋል፣ እርስዎ ደግሞ ዕድሜ ልክዎን ተማሪ ሲጠይቁ ነው የኖሩት።

ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህ ይሁን፦ እያንዳንዱ ፕሮፖዛል በአማርኛ የተጻፈ የአንድ ገጽ ማጠቃለያ ይኑረው። ተመራማሪው በእንስሳው ላይ የሚያደርገውን በአማርኛ መግለጽ ካቃተው ራሱም አልገባውም። ከዚያ በኋላ ያለው የጋራ ማስተዋል ነው። ይህን ሥራ ሌላ ሰው ሠርቶት እንደሆነ ፈልገዋል ወይ፣ እንስሳው ሲያመው ማን ያውቃል፣ በምን ምልክት፣ ማደንዘዣው ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው ወይስ መጋዘን ውስጥም አለ፣ እሁድ ማን ያያቸዋል፣ ሥራው ሲያልቅ ምን ይደረጋሉ። ማደንዘዣ የምትለዋን ጥያቄ አይዝለሏት። ኬታሚን ተብሎ የተጻፈበት ፕሮፖዛል ኬታሚን ከገበያ ሲጠፋ በምን እንደሚሠራ ማንም አይጽፍም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ስብሰባ ሳይጠራ ወረቀቱ ቤትዎ ድረስ መጥቶ “እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙ” ከተባሉ አይፈርሙ።

ጥያቄ፦ በአንድ ዩኒቨርሲቲ አኒማል ሀውስ ውስጥ ነው የምሠራው። ተማሪዎች አይጦቻቸውን ጥለው ለፋሲካ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፣ ስልካቸውን አያነሱም። ኬጅ ውስጥ ይዋለዱና ይጣበባሉ፣ ይነካከሳሉ። መብራት ሲጠፋ ይቀዘቅዛቸዋል። አለቃዬ “ያንተ ሥራ ማጽዳት ነው” ይለኛል። ብናገር እንጀራዬን እንዳላጣ እሰጋለሁ።

መልስ፦ ከዛሬዎቹ ደብዳቤዎች ሁሉ ያንተን ነው ደጋግሜ ያነበብኩት። እነዚህን እንስሳት በየቀኑ የሚያየው ኮሚቴው አይደለም፣ ሐኪሙም አይደለም፣ አንተ ነህ።

አንድ ወፍራም ደብተር ግዛ። በየቀኑ የኬጁን ቁጥር፣ ስንት አይጥ እንዳለ፣ ውሃና ምግብ መኖሩን፣ የታመመ ካለ ምልክቱን፣ ለማን እንደደወልክና አንስቶ እንደሆነ ጻፍ። ማንንም አትክሰስ፣ አስተያየትም አትጨምር፣ ቀንና ነገሩን ብቻ። ክስ የሚያስቆጣው ሰው መዝገብ ሲያይ ዝም ይላል። ከሁለት ወር በኋላ ያ ደብተር ካንተ ይልቅ ይናገራል፣ አንተም “ሥራዬን ነው የመዘገብኩት” ትላለህ።

ስለ መዋለዱ፦ አይጥ የምታረግዘው 3 ሳምንት ገደማ ነው፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ግልገሎቹን በ21 ቀናቸው አካባቢ ወንድና ሴት ለይቶ ማውጣት የግድ ነው፣ በስድስተኛ ሳምንታቸው ገደማ ራሳቸው ለመራባት ይደርሳሉና። አንድ ወንድ ሴቶቹ መሀል ተሳስቶ ከገባ አለቀ፣ ቆጠራህ ተበላሸ። ጾታ መለየት ካላሳዩህ ሐኪሙን “አሳየኝ” በለው፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ብርዱ ያልከው እውነት ነው። አይጥ የሚስማማት ሙቀት 30 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እኛን የሚመቸን 20 እና 22 ዲግሪ እሷን ይበርዳታል። የአዲስ አበባን የጥቅምት ሌሊት አስበው። ሶፍትና የተቀደደ ንጹሕ ወረቀት ስጣቸው፣ ራሳቸው ጎጆ ይሠራሉ። ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግህም ማለት ግን አልችልም፣ ሙከራ ላይ ላሉት መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቅ።

ስለ ፍርሃትህ። አሜሪካ ውስጥ ደንቡ እንዲህ ያለ ነገር የጠቆመ ሠራተኛ እንዳይበቀሉበት በግልጽ ይከለክላል። እዚህ እንደዚያ ብለህ የምትይዘው ወረቀት እጅህ ላይ ከሌለ ብቻህን አትሂድ። ከባልደረባህ ጋር ሁናችሁ፣ ደብተሩን ይዛችሁ፣ መጀመሪያ ወደ ሐኪሙ፣ ካልሰማ ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሂዱ። የምትጠይቁትም ትንሽ ይሁን፦ በየኬጁ ላይ ስልክ ቁጥር ይለጠፍ፣ ለበዓል ቀናት ተረኛ ይመደብ። እኔ ብሆን ኖሮ በፋሲካ ማን እንደሚመግባቸው ስሙን ያልጻፈ ፕሮፖዛል አላጸድቅም ነበር።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ አካባቢ ወተት አላቢ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ልጆች የላሞቼን አንገት መርፌ ወግተው ሄዱ፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሰው በመለኪያ ቆዳቸውን ለክተው ጻፉ። ጨዋ ልጆች ናቸው። ግን ውጤቱን የነገረኝ የለም።

መልስ፦ አባቴ፣ ያደረጉት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ነው። ቆዳ ውስጥ ቱበርኩሊን ይወጋል፣ ከ72 ሰዓት በኋላ እብጠቱ ይለካል፤ ካበጠ ላሟ ከተህዋሲው ጋር ተገናኝታለች ማለት ሊሆን ይችላል። መርፌው ላሟን አይጎዳትም።

ውጤቱን ማወቅ ግን መብትዎ ነው። ላሟ የእርስዎ ናት። ተመራማሪ የገበሬ ከብት ሲነካ ሁለት ነገር ነው የሚጠየቀው፦ እንስሳዋን እንዴት እንደሚይዛት፣ ባለቤቷንም አስረድቶ ማስፈቀዱን። ኮሚቴ ላይ ስንቀመጥ እንዲህ ያለ ፕሮፖዛል ሲመጣ የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር፣ “የታመመች ላም ብታገኝ ለሰውዬው ምን ትለዋለህ?” ብዙዎቹ አላሰቡበትም ነበር፣ ምክንያቱም እነሱ የሚፈልጉት በመቶ ስንቱ እንደታመመ ነው፣ እርስዎ የሚፈልጉት ደግሞ የትኛዋ እንደታመመች ነው።

በወረዳው የእንስሳት ሐኪም በኩል አስጠይቁ፣ የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ እዚያ ይኖራል። ሌላ ጊዜ ሲመጡ ከመጀመሪያው ስማቸውን፣ ስልካቸውንና ደብዳቤያቸውን ይቀበሉ፣ ውጤቱን መቼ እንደሚነግሩዎትም ያስምሏቸው። እስከዚያ ድረስ ወተቱን ሳያፈሉ አይጠጡ፣ ለልጆችም አይስጡ፤ በሽታው በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። የምታስል፣ የምትከሳ ላም ካለችዎት ለይተው ያስሯት።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። ልጄ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይጦች የሚጠበቁበት ቦታ ሥራ ጀመረች። “እማዬ፣ እዚህ ሀገር በሕጉ አይጥ እንስሳ አይደለችም” አለችኝ። ትቀልድብኛለች?

መልስ፦ አልቀለደችም። የአሜሪካው የእንስሳት ደህንነት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1966 ነው የወጣው። አንዲት ፔፐር የተባለች ዳልሜሽያን ውሻ ከፔንሲልቬንያ ተሰርቃ ላብራቶሪ ውስጥ መሞቷ ሀገሩን አስቆጥቶ ነበር። የሕጉ መነሻ የተሰረቁ ውሾችና ድመቶች ስለነበሩ አይጥ ትዝ ያለው አልነበረም። በ2002 ጭራሽ ለምርምር የተዳቀሉ አይጦችና ወፎች በሕጉ “እንስሳ” ከሚለው ትርጉም እንዲወጡ ተደረገ። አብዛኛው የላብራቶሪ እንስሳ አይጥ ሆኖ ሳለ! ልጅዎ ያለችበት ቦታ ግን ከመንግሥት የጤና ምርምር ገንዘብ የሚቀበል ከሆነ ሌላ ደንብ አለ፣ እሱ አከርካሪ ያላቸውን ሁሉ ይሸፍናል። ኮሚቴም ይኖራቸዋል።

ሜሪላንድ ካነሱ አይቀር፣ የሲልቨር ስፕሪንግን ታሪክ ያውቁታል? ዛሬ የእኛ ሰው ምግብ ቤት ከምግብ ቤት አጠገብ የከፈተባት ከተማ። እ.ኤ.አ. በ1981 እዚያ በሚገኝ የግል የምርምር ተቋም 17 ጦጣዎች ነበሩ። ኤድዋርድ ታውብ የተባለው ተመራማሪ ከእጃቸው ወደ አከርካሪ የሚሄደውን ስሜት የሚያስተላልፍ ነርቭ ቆርጦ፣ የማይሰማቸውን እጅ እንደገና መጠቀም ይማሩ እንደሆነ ያጠና ነበር። አሌክስ ፓቼኮ የሚባል ወጣት በፈቃደኝነት ረዳት ሆኖ ገባና የቆሸሹትን ኬጆችና ያልታከሙትን ቁስሎች ፎቶ አነሳ። ፖሊስ ገባ። ተመራማሪው ተፈረደበት፣ በይግባኝ ግን የሜሪላንድ ሕግ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ ላብራቶሪን አይመለከትም ተብሎ ፍርዱ ተሻረ። ይህ ጉዳይና በ1984 ከፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የወጣው የዝንጀሮዎች የጭንቅላት ጉዳት ቪዲዮ ተደማምረው በ1985 ኮሚቴን ግዴታ ያደረገው ሕግ መጣ።

የዚህ ታሪክ ሌላው ጎን ደስ አይልም፣ ግን ልንገርዎ። ታውብ በዚያው ጥናት ተነስቶ ስትሮክ ለመታቸው ሰዎች የእጅ ሕክምና አበጀ። ደህናው እጅ ይታሰርና በሽተኛው የሰነፈውን እጅ ለሰዓታት እንዲሠራበት ይደረጋል፤ ዛሬ በብዙ ሀገር ይሠራበታል። ስለዚህ “ጨካኝ ነበር” ብሎ መዝጋትም፣ “ይኸው ጠቀመ” ብሎ ማለፍም አይቻልም። ቁስሉን ማጠብና ኬጁን ማጽዳት ከሕክምናው ግኝት ምንም አይቀንስም ነበር፤ እኔን እስከዛሬ የሚያናድደኝ ይኼ ነው።

ጥያቄ፦ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። አንድ አህያ ላይ በአንድ ከሰዓት ክፍሉ በሙሉ ቱቦ በአፍንጫ ማስገባት ይለማመዳል። መጨረሻ ላይ ይደማል። ይህ ምርምር ስላልሆነ ኮሚቴ አያገባውም አሉን።

መልስ፦ ያገባዋል። ትምህርትም እንደ ምርምር ነው የሚታየው፣ ከላይ የጠቀስኩት የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ምዕራፍም ሁለቱን አብሮ ነው የሚይዘው። በክፍል ተወካያችሁ በኩል በጽሑፍ ጠይቁ፦ ለአንድ አህያ በቀን የልምምድ ብዛት ገደብ ይኑረው፣ ከደማ ወዲያው ይቁም፣ መጀመሪያ በሞተ እንስሳ ጭንቅላት ላይ ልምምድ ይደረግ። መምህራችሁ ይቆጣ ይሆናል። ግን እየደማ ባለ አህያ ላይ የተለማመደ ተማሪ ቱቦውን በትክክል ማስገባትም አይማርም።

ጥያቄ፦ አያቶቻችን ኮሶ ሲጠጡ ማን በአይጥ ሞከረላቸው? ለምን የባህል መድኃኒታችንን በፈረንጅ መንገድ አይጥ እየገደልን እንፈትናለን? ካስፈለገስ አሁን ኮምፒውተር አለ አይደል? (ከደሴ)

መልስ፦ ኮሶን ካነሳህ፣ የትል መድኃኒትነቱ እውነት ነው፣ ሲበዛ ዓይንን እንደሚጎዳም በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። አያቶቻችን በአይጥ አልሞከሩም፤ የሞከሩት በራሳቸው ነው።

እንዶድን ደግሞ እይ። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የብልሃርዝያን ተውሳክ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ግኝቱ ግልጽ ነበር። ነገር ግን ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር ለሰውና ለከብት ደህና መሆኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ መረጋገጥ አለበት ተባለ፣ ለዚያ የሚበቃ ላብራቶሪና ገንዘብ ደግሞ እኛ ዘንድ አልነበረም፣ ነገሩ ለረጅም ዓመታት ተጎተተ። እሱና ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፣ ስለዚህ ጥያቄው መነሳቱ ልክ ነበር። የሚያበሳጨው ፈተናውን እዚሁ በራሳችን ቤት፣ በወግ ማካሄድ አለመቻላችን ነው።

ስለ ኮምፒውተሩ፣ ግማሽ እውነት አለህ። አሜሪካ በ2022 መጨረሻ ባወጣችው ሕግ አዲስ መድኃኒት በሰው ከመሞከሩ በፊት የግድ በእንስሳ ይሞከር የሚለውን አንስታለች፤ በሴሎች፣ በቺፕ ላይ በሚሠሩ የሰው ሕብረ ሕዋሳትና በኮምፒውተር የተገኘ ማስረጃም ይቀርባል። በ2025 ደግሞ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ከአንዳንድ መድኃኒቶች ጀምሮ የእንስሳ ሙከራን ለመቀነስ ዕቅድ አውጥቷል። እንስሳ ሙሉ በሙሉ ይቀራል ማለት ግን አይደለም። ጉበት የሚቀይረውን፣ ኩላሊት የሚያስወጣውን፣ ፅንስ የሚነካውን ነገር በአንድ ሳህን ላይ ማየት ገና አልተቻለም።

ለእኛ የሚቀርበው ኮምፒውተሩ ሳይሆን ሌላ ነው። የሰውን ወባ፣ ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረምን፣ በሰው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ላብ ላይ ማራባት ከ1976 ጀምሮ ይቻላል። ሃያ ተክል ካለህ ሃያውንም መጀመሪያ እዚያ ላይ ሞክረህ፣ የሠሩትን ሁለቱን ወይም ሦስቱን ብቻ ወደ አይጥ ትወስዳለህ። ዘዴው ሲጀመር የአየሩን ኦክስጅን ለመቀነስ የተጠቀሙት ክዳን ያለው ማሰሮና የበራ ሻማ ነበር፣ ስለዚህ ውድ መሣሪያ የለንም ማለት ብዙም አያስኬድም። የሚያስቸግረው ኢንኩቤተሩ ሌት ተቀን 37 ዲግሪ ላይ እንዲቆይ ማድረጉ ነው። ዲፓርትመንታችሁ በሚቀጥለው በጀት አንድ ነገር ጠይቁ ካለህ፣ ከአይጥ ኬጅ በፊት ለኢንኩቤተሩ የሚሆን ጀነሬተር አስጠይቅ።